እታለም በሁለት መጠይቅ

«ቀዝቃዛ ናት ነው የሚለው ውጤቱ» አለ የእህቷ ባል ከግድግዳው ወዲያ። «ከሰው የምትሸሽ፣ ደስታ የራቃት። እኔ አላልኩም፤ የተሻሻለው መለኪያ ነው ያለው።»

እህቷ ሻይዋን ታማስላለች። ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ብቻ ተሰማ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቶም መዞሩን አላቆመም። ቆይታ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ከሰኞ። ከስልኩ ትነሳና ዕቃ ክፍል ትገባለች። ደመወዟ አይነካም።»

«ነግረሃታል?»

«አንቺ ብትነግሪያት አይሻልም?»

ማንኪያው እንደገና መዞር ጀመረ። ከግድግዳው ወዲህ የሚወራባት ሴት ጸጉሯን እያሰረች ነበር፤ እጇ ማበጠሪያው ላይ እንዳለ ትንሽ ቆመና ሥራውን ቀጠለ። እታለም ይሏታል። እንዲህ ብላ መጥራት የጀመረችው ይህችው ታናሽ እህቷ ናት፣ አፏን በፈታች ሰሞን። ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ፤ በኋላም መሥሪያ ቤቷ ገባና አሁን በዕድሜ የሚበልጧት ሹፌሮች ሳይቀሩ እታለም ነው የሚሏት። በአደጋ ጥሪ ማዕከል ስልክ ታነሳለች። ጸጉሯ ላይ አንድም ሽበት ሳይኖራት የገባችበት ሥራ ነው፤ ከዚያ ሌላ ልቧን የጣለችበት ነገር የላትም።

ክፍሉ የሁለት ሰው ክፍል ነው። አንደኛው አልጋ የእሷ ነው። ሌላኛው ላይ እናታቸው ረጅም ሕመማቸውን ታመውበታል፤ አሁን ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሮ ራስጌው ላይ ቆሟል፣ ሽቦው ራቁቱን ነው። እናትየው ከተቀበሩ ወዲህ ታናሽየዋ የዚህን ክፍል ደፍ ረግጣ አታውቅም። የታጠበ ልብስ ስታመጣ በሩ ሥር ባለው ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ካውያ ስትፈልግ እጇን ብቻ ዘርግታ ትቀበላለች። ስለ ውኃ መጥፋት፣ ላይ ቤት ስላሉት ልጆች ጫጫታ፣ ስለ መብራት ሒሳብ እህትማማቾቹ ያወራሉ፤ ይሳሳቃሉም። ስለ እናታቸው ግን በዚያ ቤት ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። እታለም አንድ ሁለቴ ልትጀምረው አስባ፣ የእህቷን ፊት አይታ ትታዋለች።

ከመውጣቷ በፊት እንደ ልማዷ መስኮቱ አጠገብ ቆማ በልቧ ጥቂት ጸለየች። ሥራዬን አታሳጣኝ አላለችም። አንደበቴን ጠብቅልኝ አለች።

ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ሻይ ነበር። ዳቦው ካለፈው ሳምንት አንሷል፤ ዋጋው ግን ወደ ላይ ነው የሄደው።

«ዳቦውንም አሻሻሉት መሰለኝ» አለች እታለም እየተቀመጠች።

የእህቷ ባል ለመሳቅ ሞከረና ተወው። በመሥሪያ ቤቷ የሰው ኃይል ክፍል ጸሐፊ ነው። አቶ መመሪያ የሚል ቅጽል ወጥቶለታል፤ እሱ ግን እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ይላል፤ አብራው የምትኖረውን የሚስቱን እህትም ቢሆን።

«ሰምቻለሁ» አለችው። «ይሄ ግድግዳ ምስጢር አይቋጥርም።»

እህቷ ተነስታ ማንቆርቆሪያውን ማጠብ ጀመረች፣ ገና ሻይ እያለበት።

«አይጨነቁ» አለ አቶ መመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ ከሰዓት እንደገና እንዲቀመጡ አስፈቅጃለሁ፤ ለምኜ ነው። ያው የተሻሻለው መጠይቅ ነው። እርስዎ ዝም ብለው ‹ብዙ ጊዜ› የሚለውን ይምረጡ። ‹ሁልጊዜ› አይበሉ፣ ያስጠረጥራል። ‹ብዙ ጊዜ› ልከኛ ነው።»

«ደስ ብሎሽ ነበር ወይ ሲለኝ፣ ብዙ ጊዜ ልበል?»

«ምን ይጎዳል?»

እታለም የእህቷን ጀርባ አየች። ጀርባው አልዞረም። «መቀመጡን እቀመጣለሁ» አለች። «ውሸት ግን አልሞላም። እኔን በስልክ ሰው ሲዋሸኝ አምቡላንስ የማያስፈልገው ሰፈር ይሄዳል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዕከሉ ስልክ የሚያነሱትን ሠራተኞች ባሕርይ በየጥቂት ዓመቱ በመጠይቅ ይለካል። ለረጅም ጊዜ የሠራው አሮጌው መጠይቅ ነበር፤ ዓረፍተ ነገር አንብቦ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ማለት ብቻ። ዘንድሮ የተሻሻለ መጣ። አሮጌው ከመጣሉ በፊት ሰው ሁሉ ሁለቱንም በሳምንት ልዩነት እንዲሞላ፣ የሁለቱ ውጤት ካልተስማማም ሠራተኛው ተጠርቶ እንዲነጋገር ተወሰነ። መልካም አሠራር ነበር። አሮጌው በተሞላበት ቀን ግን እታለም መቃብር ዳር ቆማ ነበር። በሳምንቱ፣ ሰው ስላነሰ ወደ ሥራ ቶሎ ነይ ተብላ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች የተሻሻለውን ሞላች።

የጥሪው ክፍል ሰፊ ነው። ጠረጴዛዎቹ ተደርድረዋል፣ ግድግዳውን የከተማው ካርታ ሞልቶታል፣ የአየር ማራገቢያው ሲዞር ይንቋቋል። ጀማሪ ሲገባ መጀመሪያ የሚማረው አንድ ነገር ነው። የደወለው ሰው ምን ሆነ ተብሎ አይጠየቅም፤ የት ነህ ነው የሚባለው። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ሰው የሚላክበት ቦታ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ይደርሳል። እታለም ይህንን ለስንት ጀማሪ እንዳስተማረች አታስታውሰውም፤ ከራሷም ንግግር ጋር ስለተዋሐደ እቤት ውስጥ የጠፋ መቀስ ስትፈልግ እንኳ የት ነበርኩ ብላ ነው የምትጀምረው።

ረፋዱ ላይ አንድ ሰው እየጮኸ ደወለ። «እናቴ አትነሳም! እናቴ አትነሳም ስልሽ!»

«እሺ ወንድሜ፣ የት ነህ?»

«አትነሳም እኮ ነው የምልሽ!»

«ሰምቼሃለሁ። በመስኮት ወደ ውጭ እይልኝ። ከፊትህ ምን አለ?»

ትንፋሹ ተቆራረጠ። «ነዳጅ ማደያ» አለ። «ሰማያዊ። አጠገቡ ጎማ የሚጠግኑበት ቤት አለ።»

እጇ ጻፈ፣ አጠገቧ ያለው አነበበ፣ መኪናው ወጣ። ሰውየውን እናቱን በጎን እንዲያስተኛ፣ ጉንጩን ወደ አፍንጫዋ አስጠግቶ ትንፋሽ እንዲፈልግ አደረገችው። ትንፋሽ አለ። «በርታ፣ አለሁ፣ አልሄድኩም» እያለች አብራው ቆየች። ባለሙያዎቹ ሲደርሱ ስልኩን መዝጋት ረሳ። በር ሲከፈት፣ እግር ሲሯሯጥ፣ አንዲት ሴት «ቀስ፣ ቀስ» ስትል ሰማች። ከዚያ እሷው ዘጋችው። መጨረሻውን ማወቅ የዚህ ሥራ ድርሻ አይደለም። ያለቀሰላትም የሰደባትም ሰው ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው ሁሌ ወደ ቤቷ የምትገባው።

በሻይ ሰዓት ሬዲዮ የሚሏት የጎን ጓደኛዋ ወንበሯን ጎትታ መጣች። አፏ ስለማያርፍ ነው ሬዲዮ የተባለችው።

«እኔ እኮ ማኅበራዊነት ላይ ጣራ ነክተሻል ተባልኩ» አለች። «ለባሌ ስነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹እነሱው ይውሰዱልኝ፣ ጆሮዬ ይረፍ።›»

እታለም ሳቀች። ሬዲዮ ግን ሳቋን አቋረጠች። «አንቺን ዕቃ ክፍል ሊሉሽ ነው አሉ። እኔ የምለፈልፈው እዚህ ልቀር፣ አንቺ የምታዳምጪው ጓንት ልትቆጥሪ?»

«እስቲ ሄጄ ልስማቸው።»

«ተጣያቸው!»

«አልጣላም» አለች እታለም ብርጭቆዋን እያስቀመጠች። «ግን ሳይገባኝ አልወጣም።»

የመጠይቁ ባለሙያ ቢሮ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ወጣት ሴት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ የወረቀት ክምርና የተነከሰ ፖም ነበር። የተሻሻለውን መጠይቅ አውጥታ እርሳስ አስጠግታ «ይረጋጉ፣ ትክክልና ስህተት የሚባል መልስ የለውም» አለች።

«ከሌለው ለምን ወደቅሽ ተባልኩ?»

ወጣቷ ቀና አለች። ፊቷ ቀላ። እታለም ልትበሳጭባት አልፈለገችም፤ ልጅቷ የተነከሰውን ፖም እንግዳ ፊት እንዳይታይ በወረቀት ስትሸፍነው አይታ ወዳታለች።

«ልጄ፣ አሮጌውንም ስጪኝ። ሁለቱንም ነው ሙሉ የተባለው። እኔ አንዱን ብቻ ነው የሞላሁት።»

«አልቀረቡም ይላል እኮ፤ ያልቀረበ ሰው በተሻሻለው ብቻ ይያዛል። ለእኔ የሚደርሰኝ ደግሞ ቁጥር ነው፣ ስም የለውም። የማን እንደሆነ አላውቅም።»

«አሁን የማን እንደሆነ አወቅሽ።»

ወጣቷ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ተነስታ ከመደርደሪያው ሥር አሮጌውን አወጣች። እታለም ሁለቱንም ጎን ለጎን ዘርግታ ሞላች፤ ሳትቸኩል፣ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች። አሮጌው «አብዛኛውን ጊዜ ደስተኛ ሰው ነኝ» ይላል። እውነት አለች። የተሻሻለው «ባለፉት ጥቂት ሳምንታት ደስ ብሎኝ ነበር» ይላል፤ ከሥሩ አምስት ክቦች አሉ፣ በፍጹም ከሚለው ጀምሮ ሁልጊዜ እስከሚለው። እርሳሷን አንስታ እናቷን አሰበች፤ ዛሬ ጠዋት የሳቀችውን ሳቅም አሰበች፤ አልፎ አልፎ የሚለውን አጠቆረች። አሮጌው «ሰው እወዳለሁ» ሲል፣ የተሻሻለው «ሰሞኑን ከሰው ጋር መሆን ፈልጌአለሁ» ይላል። አሮጌው «ብቸኛ ሰው ነኝ»፤ የተሻሻለው «ሰሞኑን ሰው መካከል ሆኜም ብቸኝነት ተሰምቶኛል»። ‹ብዙ ጊዜ› የሚለው ክብ የእህቷን ባል ድምፅ ይዞ ሲጠራት ይሰማት ነበር። ሐሰት በሆነበት ቦታ አልነካችውም።

ባለሙያዋ ሁለቱን አስተያየች፤ ቀጥላ ከካዝናው ሌላ ወረቀት አመጣች። እታለም ከዓመታት በፊት በአሮጌው የሞላችው ነበር። አንድ በአንድ አነጻጸረቻቸው። «ያው ሰው ነዎት» አለች ቀስ ብላ። «ከድሮው ጋር አንድ መልስ ብቻ ነው የተለወጠው። ‹እንቅልፍ አያስቸግረኝም› የሚለው።»

«እሱ ተለውጧል። ልክ ነሽ።»

«ያሻሻልነው እኮ በክፋት አይደለም» አለች ወጣቷ፣ ራሷን የምትከላከል ሳይሆን የምታስብ ሰው ድምፅ ይዛ። «ሰው በጥቅሉ ምን ዓይነት ነህ ሲሉት መሆን የሚፈልገውን ይናገራል። የቅርቡን ሲጠይቁት ነው የሆነውን የሚናገረው።»

«ጥሩ አሳብ ነው። እኔም የሆነውን ነው የነገርኳችሁ። እናቴን በቀበርኩ በሳምንቱ።»

ወጣቷ ወረቀቶቹን ሰበሰበች። «ኃላፊው ጋ አብረን እንግባ» አለች።

ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልግ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ባለሙያዋ ስታስረዳው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አዳመጠ፤ በመጨረሻ እጆቹን ዘረጋ። «ይገባኛል፣ እታለም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ግን መመሪያ ነው። ሁለቱን ያልሞላ በተሻሻለው ይያዛል ተብሏል። ለአንቺ ብዬ ባፈርሰው ነገ ሁሉም ደጄ ላይ ነው። ደግሞ ዕቃ ክፍል ዕረፍት ነው፤ እኛ ሐዘንሽን አልለካንም።»

«ለካችሁት እንጂ» አለች። «የለካችሁት እሱን ብቻ ነው።»

 እታለም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ድምፅዋ በስልክ ለሚጮህ ሰው የምታወጣው፣ ከፍ የማይል ዝቅ የማይል ድምፅ ነበር።

«አንሱኝ። የሚያነሳ እናንተ ናችሁ፣ አልከለክልም። ምክንያቱን ግን ሰው በሚገባው ቋንቋ ጻፉልኝ። ‹ማኅበራዊነት ዝቅተኛ› አትበሉ። ‹እናቷ በተቀበሩ በሳምንቱ ደስ ብሎሽ ነበር ወይ ብለናት፣ አልነበረም ስላለች ከስልክ አንስተናታል› በሉና ፈርሙበት። እውነት ስለሆነ እኔም እፈርማለሁ።»

ኃላፊው ባለሙያዋን አየ፤ ባለሙያዋ መስኮቱን አየች። «እንዲህ ብሎ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት የት አለ?» አለ።

«ታዲያ የማይጻፍ ነገር ለምን ይደረጋል? እኔ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።»

ኃላፊው ተናደደ፤ ይልቁንም መናደድ ፈለገ። ስልኩን አንስቶ የሰው ኃይል ጸሐፊውን ጠራ። አቶ መመሪያ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ገባ፤ እታለምን ሲያይ ሁለቱ በአንድ ቤት የማያድሩ ይመስል አንገቱን በአክብሮት ሰበር አደረገ። «እዚህ ኮምፒዩተር ላይ ተቀመጥ» አለው ኃላፊው። «እሷ እንደምትልህ ጻፍ። እስቲ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል እንየው።»

ተቀመጠ። እታለም ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ አስጻፈችው። ቁልፎቹ ቶሎ ቶሎ ጮኹ፤ «እናቷ በተቀበሩ» የሚለው ጋ ሲደርስ ዘገዩ፤ ከዚያ ጭራሽ ቆሙ።

«ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም» አለ ወደ ማንም ሳያይ።

«ፍጠርለት» አለ ኃላፊው።

አቶ መመሪያ እጆቹን ከቁልፎቹ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ።  «ጌታዬ» አለ፣ «በዚያ ቀን አልቀረበችም ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«ሥራህ ነው፤ ማን ይሙላው?»

«የት እንደነበረች አውቅ ነበር።» ወንበሩን ወደ ኃላፊው አዞረ። «አስከሬኑን ከተሸከምነው አንዱ እኔ ነኝ። ከፊት በግራ በኩል ይዤ ነበር። ከቀብር ተመልሼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳልጠርግ ገባሁና ሞላሁት። ወረቀቱ ያለው ‹ቀርቧል፣ አልቀረበም› ነው። ሌላ የለውም። ስለሌለው ሌላ አልጻፍኩም።»

ኃላፊው መነጽሩን ከግንባሩ ላይ አገኘውና አውርዶ አጠፈው።  ባለሙያዋ ጣልቃ ገባች፤ ያኔ መቅረብ ያልቻለ ሰው ዛሬ አሮጌውን ከሞላ ሁለቱም አሉ ማለት ነው፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ደግሞ አሠራሩ ሰውን ጠርቶ ማነጋገር ነው፣ እኔም አነጋግሬአታለሁ አለች። ኃላፊው ይህንን እንደ ገመድ ያዘው። «ይኸው ነው እንግዲህ» አለ። «ስልክሽ ላይ ትቆያለሽ። ሌላ ነገር አለ?»

«አለ» አለች እታለም ሳትነሳ። «በዚያ ቀን ያልቀረቡ ሌሎችስ?»

ኃላፊው ወደ አቶ መመሪያ ዞረ። አቶ መመሪያ ደብተሩን ሳይገልጥ «አሉ» አለ። «አንዷ ልጇ ሆስፒታል ተኝቶባት ነበር። የሌሊት ተራው ልጅ ደግሞ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ሁለቱም ከሰኞ ዕቃ ክፍል ናቸው።»

«እነሱም ተጠርተው አሮጌውን ይሙሉ» አለች። ኃላፊው እጁን አወናጨፈ፤ የሚያባርር ይመስላል፣ ግን እሺ ማለቱ ነበር። እሷ ግን አቶ መመሪያ የሁለቱን መጥሪያ ጽፎ፣ ኃላፊው ፈርሞ እስኪጨርስ ከወንበሯ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ አመስግና ወጣች።

ወደ ቤት በአንድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሰው ሞልቶ ስለነበር ጎን ለጎን ቆመው እጀታ ያዙ። ብዙ ፌርማታ ካለፉ በኋላ «ጠዋት ‹ብዙ ጊዜ› ይበሉ ያልኩዎት…» ብሎ ጀመረ።

«ተወው።»

«ደግ አስቤ ነበር።»

«አውቃለሁ። ወንበር ተለቋል፣ ተቀመጥ፤ ገርጥተሃል።» ተቀመጠ፤ ቦርሳዋን ተቀብሎ ጭኑ ላይ ያዘላት።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ በኋለኛው መስኮት የገባው ብርሃን የራቁቱን አልጋ ሽቦ ጥላ ወለሉ ላይ ጥሎታል። እታለም ጫማዋን አውልቃ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። እህቷ የተተኮሰ ልብስ ታቅፋ በሩ ላይ መጣች። ባሏ ቀደም ብሎ በስልክ ነግሯት መሆን አለበት፤ ዓይኗ አብጧል። ልብሱን እንደ ወትሮው ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ ግን አልሄደችም።

«ምን ብለው ነው የሚጠይቁት?» አለች።

«ብዙ ነው። አንዱ ‹ሰው መካከል ሆኜም ብቸኝነት ተሰምቶኛል› ይላል።»

«ምን አልሽ?»

«ሁልጊዜ።»

ታናሽየዋ የበሩን ዕንጨት በጥፍሯ ጫረች። ላይ ቤት ልጆቹ ሲሮጡ ጣራው ተንኳኳ። «እኔንም ጠይቂኝ» አለች።

እታለም ከመጠይቁ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈለገች፣ ከአሮጌውም ከተሻሻለውም። ሁሉም ሩቅ መሰላት። ስለዚህ ሰው ሲደውልላት እንደምታደርገው፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትን ጠየቀች።

«ያን ቀን፣ እማዬ ስታርፍ፣ አንቺ የት ነበርሽ?»

እህቷ የበሩን መቃን ያዘች።

«እዚህ» አለች። «እዚሁ በሩ ላይ። ስትጠሪኝ ሰምቼሻለሁ። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ።»

እታለም አልተነሳችም፤ ሮጣም አላቀፈቻትም። መስመሩ እንዳይቋረጥ የምታደርገውን ታውቃለች። «አለሁ» አለች። «አልሄድኩም። አሁን ነይ።»

ታናሽየዋ አንድ እግሯን አሻገረች፤ ሁለተኛውን አስከተለች። የቆመውን ፍራሽ ገመድ ያዘች፤ ቋጠሮው ስላስቸገራት በጥርሷ ፈታችው። ፍራሹን ሽቦው ላይ ዘረጋች፣ በመዳፏ አቃናች፣ ከእህቷ ፊት ለፊት ተቀመጠችበት።

«በይ» አለች አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ «ሌላም ጠይቂኝ።»